ከጎሐ ጽዮን እስከ ቁንዝላ በብስክሌት፦ የትኛውን መንገድ እንያዝ?

የጣና መንገደኛ

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። እኔና አንድ ጓደኛዬ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ጎጃምን በብስክሌት ልናቋርጥ አስበናል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥተን የዓባይን በረሃ ወርደንና ወጥተን ደጀን ከገባን በኋላ ወደ ባሕር ዳር እንዘልቃለን፤ ከዚያም የጣናን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዘን እስከ ቁንዝላ መድረስ እንፈልጋለን። ከደጀን በኋላ ካርታው ላይ ሦስት መንገዶች ይታዩናል። አንደኛው በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ የሚዞረው ዋናው አስፋልት ነው። ሁለተኛው በብቸናና በሞጣ አድርጎ በአዴት በኩል ባሕር ዳር የሚገባው ነው። ሦስተኛው ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ጮቄን እያቋረጠ ወደ ሞጣ የሚወርደው ነው። ጓዛችን ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ጥቂት የማብሰያ ዕቃ ነው። ሁለታችንም ከተማ ውስጥ እንጂ ረጅም ዳገት ላይ የነዳንበት ጊዜ ስለሌለ አገሩን የምታውቁ ሰዎች ብትመክሩን ደስ ይለናል።

የመንቆረሩ

ወንድሜ፣ ገና ባትነሡም እንኳን ወደ ቀያችን በደኅና መጣችሁ ልበላችሁ። ሌሎቹን መንገዶች ለሚያውቋቸው ልተውና እኔ ስለ በረሃውና ስለ ዋናው መንገድ ልናገር።

የጎጃምን መንገድ የሚያከብደው ከተራራው ከፍታ ይልቅ የወንዙ ጥልቀት ነው። ጎሐ ጽዮንም ደጀንም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ከተሞቹን ብቻ ያየ ሰው ሜዳ ለሜዳ የሚሄድ ይመስለዋል። በመካከላቸው ግን ዓባይ ከ1,100 ሜትር ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ያንኑ ያህል መልሳችሁ ትወጣላችሁ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን ሲካሄድ የኖረው የብስክሌት ጉዞ በዚህ ባለፈባቸው ዓመታት፣ ብዙ አገር አቋርጠው የመጡት ነጂዎች ሳይቀሩ ይህን ዳገት ከጠቅላላው ጉዞ ከባዶቹ ተርታ ይቆጥሩት ነበር፤ እነርሱ የሚወጡት ወደ ጎሐ ጽዮን በኩል ነበር፤ እናንተ ደግሞ ወደ ደጀን ትወጡታላችሁ።

ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ቁልቁለቱ አመቺ ስለሆነ ቁርስ በልተን ቀስ ብለን እንሄዳለን ካላችሁ፣ ወንዙ ዳር ስትደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ትሆናለች፤ ጥላ የሌለውን ዳገት የምትጀምሩትም በዚያ ሰዓት ነው። ማለዳ ከወረዳችሁ ግን ዳገቱን ፀሐይዋ ሳትበረታ ትጀምሩታላችሁ። ከታች ሁለቱን ድልድዮች ጎን ለጎን ታያላችሁ፤ አሮጌው ከጣሊያን ወረራ ጊዜ በኋላ ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ሲሆን፣ አዲሱ የህዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የተከፈተው ነው። ቦታው በጥበቃ ሥር ስለሆነ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ዘቦቹን ጠይቁ። ውኃ ከላይ ሞልታችሁ ውረዱ፤ በአንድ ሰው ከአራት ሊትር በታች ይዞ መውረድ አይመከርም።

አስፋልቱ በረሃው ውስጥ አንድ ወጥ አይደለም። መሬቱ የሚንሸራተት በመሆኑና ተሳቢዎች ፍሬን ይዘው ስለሚወርዱበት፣ በየመታጠፊያው እንደ ማዕበል የተቆለለና የተሰነጠቀ ቦታ አለ፤ ፈጥኖ የሚወርድ ብስክሌት እዚያ ላይ መሪውን ያስለቅቃል። ስትወጡ ደግሞ የጭነት መኪኖች በእግረኛ ፍጥነት አጠገባችሁ ይሳባሉ፤ የኋላውን ብረት ጨብጦ መጎተት የሚያምረው ሰው ብዙ ነው። መኪናው ማርሽ ሲቀይር ወደ ኋላ ሸርተት ይላልና ይህን አታድርጉት።

ከደጀን በኋላ ያለው የሉማሜና የየትኖራ ሜዳ የጤፍና የስንዴ አገር ነው፤ ጥቅምት ላይ ማሳው ወርቅ መልክ መያዝ ይጀምራል፤ ነፋሱ ካልተቃወማችሁ ደብረ ማርቆስ ሳይመሽ ትገባላችሁ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ ግን ጨሞጋ፣ ተምጫ፣ ብርና ላህን የመሳሰሉ ወንዞች መንገዱን እየቆረጡ ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ ትንሽ በረሃ ነው ማለት ይቻላል። ፍኖተ ሰላም ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች ሙቀቷ ከደብረ ማርቆስ ይለያል።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋባቸውና የሚከፈትባቸው ጊዜያት አሉ። ስለዚህ በየዕለቱ ከመነሣታችሁ በፊት ወደፊት ያለውን መንገድ ከመጡ ሾፌሮች ጠይቁ፤ ሾፌር የሚነግራችሁ ዛሬ ያየውን ነው። አትሂዱ ካሏችሁ ደግሞ እዚያው ዕደሩ።

ጎሚስታው ከቀበሌ አሥራ አንድ

የመንቆረሩ ስለ መንገዱ በደንብ ስለተናገሩ እኔ ስለ ብስክሌቱ ልጨምር፤ ባሕር ዳር ከተማ ብስክሌት በመጠገን ነው የምተዳደረው።

ነጂው፣ ብስክሌቱና ጓዙ በአንድነት 100 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ 1,300 ሜትር ሲወርዱ ወደ 1.27 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይለቀቃል። ይህ አራት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል፤ የቀረው በሙሉ የሚያርፈው ፍሬናችሁ ላይ ነው። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ሙቀቱ ወደ ቸርኬው ይገባና ውስጥ ያለውን ካላማዳሪያ ያፈነዳዋል፤ በተለይ ማለዳ ጎማውን አጥብቃችሁ ከነፋችሁት። የዲስክ ፍሬን ከሆነ ካላማዳሪያውን አያሰጋም፤ ነገር ግን ሸራው ይቃጠልና ገጹ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ከዚያ በኋላ ብትጨብጡትም አይዝም።

መፍትሔው ፍሬኑን ቁልቁለቱን በሙሉ በስሱ ይዞ አለመውረድ ነው። ቀጥ ባለው ቦታ ልቀቁት፣ ከመታጠፊያው በፊት በሁለቱም እጅ ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ስበሩ፣ ከዚያ እንደገና ልቀቁ፤ በተለቀቀበት ጊዜ ነፋሱ ያበርደዋል። አልፎ አልፎ ቁሙና ጥቂት ጠብታ ውኃ ቸርኬው ላይ ጣል አድርጉ፤ ጭስስ ካለ ሌላ ሩብ ሰዓት ተቀመጡ። በእጅ መንካት የለበትም፤ ዲስክ ነክቶ የጣቱን ቆዳ እዚያው ላይ የተወ ደንበኛ አለኝ።

ለዳገቱ ደግሞ የማርሹን ጥርስ ቁጠሩ። ከተማ ውስጥ የምንነዳው ብስክሌት የፊቱ ጥርስ ከኋላው በእጅጉ ይበልጣል፤ ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ባለ አንድ ማርሹም ይበቃናል። ጓዝ ጭኖ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር እየሄደ ፔዳሉን በደቂቃ ስድሳ ጊዜ ለመምታት የሚፈልግ ሰው ግን የፊቱ ትንሹ ጥርስ ከኋላው ትልቁ ማነስ አለበት፤ የፊቱ 26 የኋላው 34 ቢሆን ተስማሚ ነው። ጎማን በተመለከተ ባለ 26 ኢንቹ በየወረዳው ከተማ ይገኛል፤ ከዚያ የሰፋ ክብ ያለው ከሆነ ኮፐርቶንና ካላማዳሪያ ይዛችሁ ኑ። ጓዙን ፖርቶመጋላው (የኋላው ዕቃ መጫኛ) ላይ በገመድ አትሰሩ፤ ገመድ በኮረኮንች ላይ ይላላል። ያረጀ ካላማዳሪያ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ በላስቲኩ እሰሩት፤ እየተሳበ ስለሚጨብጥ አይለቅም። እግረ መንገዱንም የተቀደደ ኮፐርቶን ከውስጥ መደገፊያ ይሆናችኋል።

ሞጣ ቀራንዮ

ጋሼ የመንቆረሩ ስላቀረቡት ምክር አክብሮቴ የላቀ ነው፤ ሆኖም ዋናውን አስፋልት የመረጡት ደብረ ማርቆስን ስለሚወዱ ይመስለኛል። ለብስክሌት የምሥራቁ መንገድ ይሻላል እላለሁ። የጭነት መኪናው ቁጥር ያነሰ ነው፣ ርቀቱም ያጥራል፤ ግራ ቀኙም የታሪክ አገር ነው። ከብቸና አቅራቢያ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ወደፊት ስትሄዱ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ ደግሞ መርጡለ ማርያም አለች። ከሞጣ ወደ ዓባይ ለሚወርድ ሰው ሰባራ ድልድይ አለ፤ ጎጃምንና ጎንደርን ሲያገናኝ ኖሮ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሰበረው ነው። ቁልቁለቱ ለእግር እንጂ ለብስክሌት ስላልሆነ ብስክሌቱን ሞጣ አሳድራችሁ ብትወርዱ ይሻላል።

ከመንገዱ ይልቅ የሚያሳስበው አፈሩ ነው። የብቸና ሜዳ ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ አንድ ካፊያ ሲነካው ግን ጎማው ላይ እየተጠቀለለ በሹካውና በጎማው መካከል ይጠቀጠቅና ብስክሌቱ ከነጭራሹ አልሽከረከር ይላል። በእንጨት ትፍቁታላችሁ፣ ሃያ እርምጃ ሄዳችሁ እንደገና ትፍቃላችሁ። ከአስፋልትና ከጠጠር መንገድ ወጥታችሁ አቋራጭ ልትይዙ ከፈለጋችሁ ዝናቡ ጨርሶ ከቆመና መሬቱ ከተሰነጠቀ በኋላ፣ ማለትም ከኅዳር ወዲህ ይሁን።

የጮቄ ሥር

እኔ ደግሞ ስለ ሦስተኛው መንገድ ጥቂት ልበል፤ እናቴ የሮብ ገበያ ልጅ ነች። ከደብረ ማርቆስ ሽቅብ በሮብ ገበያ በኩል የሚወጣው መንገድ ለብስክሌት ጉዞ በጎጃም ከሁሉ የሚያምረው ነው ብዬ ብከራከር አላፍርም፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ዳገት ለሚነዳ ሰው አልመክረውም።

የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ስድሳ በመቶ ገደማ ነውና፣ ታች በቀላሉ የሚመታው ፔዳል እዚያ ላይ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሙቀቱም በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከዓባይ ድልድይ አጠገብ በቀትር የሚያልበው ሰው በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ጮቄ ላይ ቢያድር ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ከኅዳር ጀምሮ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት የድንኳኑ ጨርቅ በውርጭ ይገግራል፣ የውኃ ኮዳውም አፉ በበረዶ ይያዛል። ውኃ እዚያ ላይ ከ90 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ሽሮም ሆነ ምስር ማብሰል ጊዜ ይፈጃል፤ በሶ ይዛችሁ ውጡ። በሶ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ትንሽ ማር ከተጨመረበት ደግሞ ለብስክሌተኛ ከእርሱ የሚሻል ስንቅ አላውቅም።

ከሮብ ገበያ በላይ ጤፉ ይቀርና ገብስ፣ እንግዶና ድንች ብቻ ይሆናል። ከዚያም በላይ ጓሳ የሚባለው ሣርና አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው፤ ጅብራውም እዚያ ነው። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ እያበዛ ይቆይና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አበባ አውጥቶ ይሞታል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን የቆመና የደረቀ ግንድ ታያላችሁ። ለእሳት አትስበሩት፤ የአገሬው ሰውም ደስ አይለውም።

ድንኳን መትከሉ ባይከፋም፣ ገላጣ ላይ ከምታድሩ ወደ መንደር ጠጋ ብላችሁ «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ብትሉ የሚያሳድራችሁ አታጡም። ከመግባታችሁ በፊት ግን ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ ቤት ለእንቦሳ በሉ፤ ውሻው ያለው ደጅ ላይ ነው። መንገድ ላይም የእረኛ ውሻ ቢያሳድዳችሁ ለማምለጥ አትሞክሩ፤ በዳገት ላይ ውሻ ይቀድማችኋል። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በእርሱ መካከል አድርጉ፣ እረኛውንም ጥሩት።

የጣና መንገደኛ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህታችን የጮቄ ሥር ያሉትን አንብበን ጮቄን ለሌላ ጊዜ ትተናል፤ የማርሹን ጥርስም ቆጥረን የፊቱ ትንሹ 36 መሆኑን ስላየን እናስቀይራለን። አሁን በዋናው መንገድና በሞጣው መካከል እያመነታን ነው። ከቡሬ ወዲያ ያለውን የሚነግረን ሰው ይኖር ይሆን? ጣና ዳር ስለመንዳትስ?

አገው ምድር

ከቡሬ እስከ እንጅባራ ያለው የእኛ ክፍል ነው። ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 በላይ ስለሆነች በቲሊሊ በኩል ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ነው፤ ሆኖም የዓባይን ያህል አይቆምም። አዊ ዝናብ የሚያበዛ አገር ነውና ሌላው ጎጃም በደረቀበት ሰሞን እንኳ የዝናብ ልብስ ከላይ ይሁንላችሁ። መንገዱን በግራም በቀኝም የሚያጅበው ደን ዲከረንስ የሚባለው ግራር ነው፤ ገበሬው በማሳው ላይ ተክሎ በጥቂት ዓመት ውስጥ ያደርሰውና ከሰል ያወጣበታል፤ ከዚያም መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። በተለይ በፋግታ ለኮማ በኩል ማለዳ ላይ የከሰሉ ጭስ መንገድ ላይ ስለሚተኛ መብራት አብርታችሁ ንዱ።

ከእንጅባራ ሳትርቁ ዘንገና ሐይቅን እዩ፤ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ ነው፤ ከአስፋልቱም ቅርብ ነው። ጉዟችሁን ወደ ጥር ብትገፉት ኖሮ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ታዩ ነበር፤ ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ፈረስ በዚህ አገር ለበዓል ብቻ አይደለም፤ ጋሪውም መንገዱን ይጋራችኋልና ከኋላ ስትመጡ ደወል ከምትደውሉ በድምፅ ተናገሩ፤ ፈረሱ በደወል ይደነግጣል።

የዓባይን ምንጭ ማየት የሚፈልግ ሰው ከቲሊሊ በኩል ወደ ሰከላ ይገነጠላል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እ.ኤ.አ. የደረሱበት ግሽ ዓባይ እዚያ ነው። ቦታው ጸበል ስለሆነ ከሐይማኖቱ ሥርዓት አንጻር ቁርስ የበላ ሰው አይጠጋም፤ ይህን አስቀድማችሁ ካሰባችሁ ማለዳ ሳትበሉ ትደርሱ ዘንድ ሰከላ ዕደሩ።

ነርሷ ከመራዊ

አጭር ማሳሰቢያ ብቻ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ ቦታዎች፣ ማለትም የዓባይ በረሃ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ የወባ ቦታዎች ናቸው፤ ወቅቱም ክረምቱ እንደወጣ ያለው የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ ስለሆነ የተነከረ አጎበር ያዙ። ከተመለሳችሁ በኋላ እንኳ ትኩሳት ከጀመራችሁ በረሃ መውረዳችሁን ለሐኪሙ ንገሩ። ጣና ዳር ጥልቀት በሌለውና ቄጠማ ባለበት ውኃ ውስጥ እግራችሁን አትንከሩ፤ ቢልሃርዝያ አለ።

የቁንዝላ ልጅ

ወደ ጣና ዳርቻ ስንመጣ፣ ካርታው ላይ ከባሕር ዳር በዘጌ አድርጎ በዳርቻው ወደ ቁንዝላ የሚወስድ መንገድ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ የሚገባው ግን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ አፉም ረግረግና ደንገል የሞላበት ስለሆነ ብስክሌት አያሳልፍም። ስለዚህ ጉዞውን ለሁለት ክፈሉት።

የመጀመሪያው ዘጌ ነው። ከባሕር ዳር በጠጠር መንገድ ሄዳችሁ በዚያው ቀን መመለስ ትችላላችሁ። ዘጌ ውስጥ በጥንት ሥርዓት መሠረት መሬት አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ደኑ ከነቡናው የቆየው በዚህ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም በደኑ ውስጥ ናቸው፤ የእግር መንገዱ ሥርና ድንጋይ ስለሚበዛበት ብስክሌቱን እየገፋችሁ ግቡ። ሁለተኛው ክፍል ከባሕር ዳር በዋናው አስፋልት በመራዊና በወተት ዓባይ አድርጋችሁ እስከ ዱርቤቴ ተመልሳችሁ፣ ከዚያ በይስማላና በሊበን በኩል ወደ ቁንዝላ መውረድ ነው። ከእንጅባራ ስትመጡ ዱርቤቴን ስለምታልፉ መጀመሪያ ቁንዝላ ገብታችሁ በኋላ ባሕር ዳር መድረስም ይቻላል፤ እኔ ብሆን ይህን እመርጥ ነበር፤ አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ አትነዱትም። የጣናን ውኃ ወደ በለስ የሚያሻግረው የኃይል ማመንጫ ውኃ መሳቢያም በዚሁ አካባቢ ነው፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል፤ ማየት ግን ፈቃድ ይጠይቃል።

የጣና መንገደኛ

እንግዲህ በዋናው መንገድ በእንጅባራ በኩል ለመምጣት ወስነናል፤ የቁንዝላ ልጅ እንዳሉት ከዱርቤቴ ቀጥታ ወደ እናንተ እንወርዳለን። ሞጣ ቀራንዮ እንደማይቀየሙን ተስፋ አደርጋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፤ ከቁንዝላ ወደ ባሕር ዳር በየብስ ከምንመለስ ብስክሌታችንን ጀልባ ላይ ጭነን በሐይቁ መሻገር ይቻላልን?

ሞጣ ቀራንዮ

ቅያሜ የለኝም፤ ስትመለሱ በእኛ በኩል ግቡና ልዩነቱን ራሳችሁ ፍረዱ።

የቁንዝላ ልጅ

በሞተር ጀልባ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚሄድበት ቀን ስለሚለዋወጥ ቁንዝላ በገባችሁበት ምሽት ወደብ ወርዳችሁ ጠይቁ። ዋጋውን ሰውና ብስክሌት ለየብቻ ተነጋገሩበት፤ ከተሳፈራችሁ በኋላ መነጋገር ያስጨንቃል። ጠዋት ጣና ጸጥ ያለ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታል፤ ስለዚህ የጠዋቱን ያዙ። የፊት ጎማውን ፈታችሁ ብስክሌቱን በጎኑ አስተኙት፤ ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። በደንገል ታንኳ አሻግራችኋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ግን በትሕትና እምቢ በሉ፤ ታንኳ ዓሣ አጥማጁንና መረቡን ይችላል፣ ሁለት ብስክሌትና ሁለት እንግዳ ግን አይችልም።